ቁጠባ በደቦ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በወጣትነታቸው ከደጋ ተመድበው መጥተው፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ የአኙዋ ልጅ፣ የከተማዋ ተወላጅ፣ አሁን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እያስተዋወቀች ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር ባለሙያ። የተገናኙት በመምህሩ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ነው። ወሩ መጋቢት ነው።

መምህሩ፦ ነይ ልጄ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በይ። የያዝሽው ምንድን ነው? ለሽያጭ ነው ለስብከት?

ባለሙያዋ፦ ለሁለቱም ነው ጋሼ። ስብከቱን እንኳ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉን አይደል ያስተማሩን?

መምህሩ፦ እሱ የደጋ እንቁላል ነው። የጋምቤላው በእግሩ ከመሄዱ በፊት ሙቀቱ ይቀቅለዋል። እውነቴን ልንገርሽ፣ ይሄ «ትንሽ እርምጃ» የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። ድስት ክደኑ፣ ፌስታል ተዉ፣ ከሰል ቆጥቡ ትሉናላችሁ። እዚሁ ክልል ውስጥ ካሩቱሪ ለሚባል የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር በሊዝ ሲሰጥ፣ ሳዑዲ ስታር አቦቦ ላይ ለሩዝ 10,000 ሄክታር ሲወስድ፣ ስለ ባለቤቴ ድስት ክዳን የጠየቀ ነበር? የካሩቱሪ ውል በኋላ መቋረጡን አውቃለሁ። ነገሩ ግን ይገባሻል፤ ጫካ የሚመነጥረው ሌላ፣ ቆጥብ የሚባለው ሌላ።

ባለሙያዋ፦ ይገባኛል። ግን ሁለቱ ሂሳቦች ለየብቻ ናቸው። የሄክታሩ ሂሳብ ምክር ቤትና ቢሮ ውስጥ የሚጠየቅ ነው፤ ይጠየቅ። የድስቱ ሂሳብ በየወሩ ከእርስዎ ጡረታ ላይ የሚነሳ ነው። ያኛው ስላልተከፈለ ይሄኛው አይሰረዝልዎትም።

መምህሩ፦ ሂሳብ ካልሽ በሂሳብ እንነጋገር። የእኔ ጓዳ ምን ያህል ነው?

ባለሙያዋ፦ ብቻውን ኢምንት ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። በአገሪቱ ከሚነደው ኃይል አብዛኛውን የሚበላው ጓዳ ነው፤ መኪናውና ፋብሪካው ተደምረው አይደርሱበትም። ከሰሉን ደግሞ ይዩት። እንጨቱን ቆልለው፣ አፈር አልብሰው በሚያከስሉበት በተለመደው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይነዳል። አንድ ጆንያ ከሰል እበርዎ ላይ ሲወርድ፣ እርስዎ ያላዩት አንድ ጋሪ ሙሉ እንጨት ጫካ ውስጥ ጢስ ሆኖ ቀርቷል።

መምህሩ፦ ይሄ ከበድ ይላል። እስቲ ምድጃሽን አሳዪኝ። ላቀች የሚሉት ይሄ ነው? ከቆርቆሮው በምን ይሻላል?

ባለሙያዋ፦ ያንሱት፣ ይመዝኑት። ውጪው ያው ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን በተተኮሰ ሸክላ ተለብጧል። ከሥሩ የተበሳሳ የሸክላ ወንፊት አለው፤ አመዱ በዚያ ይወርዳል፣ አየሩም በዚያ ይገባል። ተራው የቆርቆሮ ምድጃ በጎኑ የሚያወጣውን ሙቀት የሚያሞቀው የምታርገበግበዋን ሴት እግር ነው። እዚህኛው ላይ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ለድስቱ ይመልሳል። ዋናዋ ግን ይቺ ከታች ያለችው ትንሽ በር ናት። ወጡ ፈልቶ መንተክተክ ሲጀምር ትዘጋለች። ክፍት ትተው ከረሷት ላቀችም እንደ ቆርቆሮው ከሰል ይበላል። በአግባቡ ለያዘው ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያተርፋል። አራት ጆንያ የሚፈጅ ቤት ሦስት ይበቃዋል ማለት ነው። ሐሳቡ የመጣው ጂኮ ከሚባለው የኬንያ ሸክላ ምድጃ ነው፤ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ለእኛ ድስትና ጀበና እንዲስማማ ተደርጎ ተሠራ።

መምህሩ፦ በተረፈው ሩብ እኛ ቡና እንደግምበታለን። ያኔ ቁጠባሽ የት አለ?

ባለሙያዋ፦ ይድገሙ! እስከ ዛሬ ከሰል እያለቀ ከቶና የምትነሱ ከነበረ በረካውን መጠጣታችሁ ደስ ይለኛል። ከቆጠብነው ላይ ትንሽ ቆንጥረን መልሰን መብላታችን አይቀርም። ሁሉንም ግን አንበላውም፤ ለቡናም ልክ አለው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትንሽ እርምጃ ሲባል ሰው ለመታየት የሚቀለውን ይመርጣል። ችግኝ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ማገዶ የሚፈጀው ግን ምጣዱ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ከሚነደው ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለሱ ነው። ለምጣዱ ምርጥ የሚባለው ምድጃ አለ፤ ክፍት እሳት ላይ ከመጋገር ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ ጉልበትና ገንዘብ ያነሰው ቤት ከየት ይጀምር ካሉኝ፣ ብዙ ከሚነድበት እላለሁ።

መምህሩ፦ ምርጡ ከሲሚንቶ የሚሠራ ነው። ሲሚንቶው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው የሚመጣ። ደግሞስ ጋምቤላ ሁሉ እንጀራ በሊታ ነው እንዴ? የእናትሽን ቤት ረሳሽው?

ባለሙያዋ፦ አልረሳሁም፤ እኔ ያደግሁት በገንፎ ነው፣ በበቆሎና በማሽላ። ኑዌሮቹም ማሽላቸውን ከወተት ጋር ነው የሚበሉት። ደጋ ላይ ለምጣድ የተዘጋጀ ምክር ተሸክሜ እናቴ ቤት ብገባ ትስቅብኛለች። ገንፎ ሲማሰል ድስቱ ይናጣል፣ ሁለት እጅ ሙሉ ጉልበት ነው የሚያርፍበት፤ ቀላል ምድጃ ይገለበጣል። ለእንዲህ ያለው ቤት የምነግረው ሌላ ነው። ሦስቱን ጉልቻ አትንኩ፣ ዙሪያውን ግን በጭቃ ክበቡት፣ ለማገዶው አንድ አፍ ብቻ ተዉለት። ነፋሱ ነበልባሉን በየጎኑ እየገፋ ከድስቱ ሥር አያስወጣውም። ጭቃው ባሮ ወንዝ ዳር ሞልቷል፤ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም።

መምህሩ፦ ስለ እሳት ካነሳሽ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኑዌር ከብቱ ዘንድ ኩበት ሲያጨስ ያድራል፤ ከብቱንም ራሱንም ከትንኝ የሚያስጥልበት ነው። የእኔም ባለቤት ሲመሽ እሳቱን ቶሎ አታጠፋም። እዚህ አገር ወባ ክረምት ከበጋ አይልም። ጢሱን ስትወስጂብን ከትንኙ ጋር ምን ልንሆን ነው?

ባለሙያዋ፦ ይሄ ጥያቄ ከሌላ አገር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሥልጠና ላይ የለም። ጋምቤላ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ልክም ነው። የከብቱን በረት ጢስ ማንም አይነካም፤ ሜዳ ላይ የሚጨስ ነው። የጓዳው ጢስ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ ቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ገምቷል። አብዛኛውን የሚተነፍሱት ማን እንደሆኑ ያውቁታል፤ ምድጃው ሥር የሚውሉት ሴቶችና ጀርባቸው ላይ ያሉ ሕፃናት። ስለዚህ እኔ ምድጃና አጎበር ለየብቻ አላነሳም። አጎበሩ በትክክል ያልተሰቀለበት ቤት ገብቼ «ጢሱን ተዉ» ብል ወባ ጠራሁባቸው ማለት ነው። አጎበሩን መጀመሪያ እንሰቅላለን፣ ከዚያ ስለ ምድጃው እንነጋገራለን። በበጋ ደግሞ ምግብ የሚበስለው ውጪ ዳስ ሥር ቢሆን ማን ይጠላል?

መምህሩ፦ አሁን ሰው የሚኖርበትን አገር ማውራት ጀመርሽ።

ባለሙያዋ፦ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የከሰሉን ገንዘብ የሚሰጠው ማነው?

መምህሩ፦ እኔ ነኛ። ማን ይሆናል?

ባለሙያዋ፦ ፊታቸው የሚጠቁረውስ?

መምህሩ፦ አሃ፣ ወደዚያ ልትሄጂብኝ ነው።

ባለሙያዋ፦ መሄዴ አይቀርም። የምዞርባቸው ቤቶች ውስጥ ነገሩ አንድ ነው። ለከሰል በየቀኑ ጥቂት ብር ይሰጣል፣ ማንም አያመውም። ለምድጃ አንዴ የሚወጣው ግን «ሌላ ጊዜ» ይባላል። በየቀኑ በፌስታል የሚገዛው ከሰል ወሩ ሲሞላ ከጆንያው ይበልጣል፤ ግን ተበጣጥሶ ስለሚወጣ አይታይም። ምድጃው የሚያስፈልጋት እሷ ናት፣ ቦርሳው ግን ያለው እሱ ጋ ነው። እዚህ ላይ ምክር ብቻውን አይረዳም። የሴቶቹ እቁብ ነው የረዳን።

መምህሩ፦ እቁብ?

ባለሙያዋ፦ አዎ፣ ያው የምናውቀው እቁብ። በየሳምንቱ ይጣላል፤ ዕጣ የደረሳት በብሩ ፋንታ ምድጃ ትወስዳለች፣ የተረፈውን በጥሬው። አንዷ ዕጣዋን በልታ እንዳትጠፋ ሌሎቹ እንደማንኛውም እቁብ ዋስ ይሆናሉ። ዋናው ጥቅም ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዋ ባለ ዕጣ ቤት ምድጃው ሥራ ላይ ሲውል የቀሩት ሄደው ያያሉ። በሩን መዝጋት የረሳች ብትኖር ቀጥላ የምትወስደዋ ትነግራታለች። እኔ አሥር ጊዜ ከምናገር ጎረቤት አንድ ጊዜ ብትናገር ይሰማል። ደግሞ ልንገርዎት፣ እትዬ ገብተዋል።

መምህሩ፦ ባለቤቴ? እኔ ሳላውቅ?

ባለሙያዋ፦ ከከሰሉ ብር ላይ ነው የሚያዋጡት። ዕጣው ሲደርሳቸው ማወቅዎ አይቀርም።

መምህሩ፦ (ይስቃሉ) ይሁን፣ አላየሁም አልሰማሁም። ነገር ግን አንድ ያልመለስሽልኝ አለ። እዚህ ከተማው ውስጥ አንድ ጆንያ ብንቆጥብ በስደተኛ ጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው ጫካ ምን ይጠቅመዋል? እዚያ እኮ የሚቆረጠው በየቀኑ ነው።

ባለሙያዋ፦ እዚያ ያለችውም ሴት እንደ እትዬ ድስት የጣደች ሴት ናት። በ2006 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኤንዬል የሚባሉት ጣቢያዎች ተከፈቱ። በክልሉ የተጠለለው ሰው ከ300,000 በልጧል። በ1999 ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307,096 ነበር። አንድ ክልል ራሱን የሚያህል ሕዝብ ተቀበለ ማለት ነው። የሚሰጣቸው ራሽን ደግሞ እህልና ጥራጥሬ ነው፤ ያለ እሳት አይበላም። እህሉን የሰጠ ማገዶውን ካልሰጠ፣ ሴቲቱ ጫካ መግባቷ ግድ ነው። እዚያም የሚያጋጥማትን አደጋ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር የሚነሳውን ጠብ ያውቁታል። ስለዚህ ጣቢያ ውስጥ የሚቆጠብ አንድ እቅፍ እንጨት ለጫካውም፣ ለሰላሙም ነው። እኛ ዘንድ «ጫካውን የፈጁት እነሱ ናቸው» ይባላል፤ እዚያ ደግሞ «ከሰሉን የሚገዛው ከተማው ነው» ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ማመካኛ ነው።

መምህሩ፦ አንድ ያልገባኝ አለ። ይሄ ሁሉ ዛፍ ላለመቁረጥ ከሆነ፣ ለምን በየዓመቱ የምንተክለው አይበቃም? ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንተክል ነው የኖርነው።

ባለሙያዋ፦ መትከሉ ጥሩ ነው፤ ቆሞ ያለውን ማቆየት ግን ይቀላል። ዛፍ ተቆርጦ ከሚሰጠው ይልቅ ቆሞ የሚሰጠው ሲበልጥ ሰው አይቆርጠውም። ማጃንጎችን ይዩ። ቀፏቸውን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ መጥረቢያ ይዞ የሚጠጋው የለም። የማጃንግ ጫካ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። እኛም ዘንድ ሺአ የሚባል ዛፍ አለ፤ ከፍሬው ዘይት ይወጣል። ሺአው ከሰል ከሆነ ግን ዘይቱንም ከሱቅ እንገዛዋለን። ይሄ እርስዎ የተቀመጡበት ማንጎ እንኳ ጥላ ይሰጣል፣ ፍሬ ይሰጣል። ማንጎው በአንድ ጊዜ ደርሶ መሬት ላይ እየወደቀ በሚበሰብስበት ሰሞን ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ ዝንብ እንዳይደርስበት ሻሽ አልብሶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። እሳት የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ጋምቤላ ላይ አይጠፋም።

መምህሩ፦ በክረምት ይጠፋል እንጂ።

ባለሙያዋ፦ እሱ ነው ነገሩ። ጋምቤላ ውስጥ ማንኛውም ምክር ወቅቱን ካላወቀ ሥራ አይሆንም። እርስዎ ራስዎ አላስተማሩንም? በ1894 ከእንግሊዞች ጋር ከተደረገው ውል በኋላ ንግዱ እዚህ ሲከፈት ከካርቱም የሚመጣው መርከብ የሚገባው ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር፤ ቡናው ተከማችቶ የወንዙን ጊዜ ይጠብቅ ነበር። የቤቱም ሥራ እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ በሸክላ ማቀዝቀዝ። ትልቁ ሸክላ ውስጥ ትንሹን ያስገባሉ፣ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላሉ፣ አሸዋውን በቀን ሁለት ጊዜ በውሃ ያርሳሉ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይጥላሉ። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሞሐመድ ባህ አባ የሚባል የሰሜን ናይጄሪያ መምህር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይሄን በብዛት አሠርቶ ለገበሬው አዳረሰ። በቀናት ውስጥ ይበላሽ የነበረው ቲማቲምና ቃሪያ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆይ ጀመር።

መምህሩ፦ ሰሜን ናይጄሪያ ደረቅ ነው።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ወቅቱን ያነሳሁት። ከኅዳር እስከ መጋቢት አየሩ ደረቅ ሲሆን እዚህም ይሠራል። ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ ሸክላው ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ይሄን ሳይነግሩ «ፍሪጅ ያለ መብራት» ብለው ያስተዋወቁት ሰው በክረምት ቲማቲሙ ሲበሰብስበት የሚቀጥለውን ምክርም አይሰማም። እውነቱን ከነልኩ ሲነግሩት ግን ያምንዎታል። ደግሞም ሸክላ ሠሪ እናቶች ገበያ ያገኛሉ።

መምህሩ፦ እሺ፣ እሳቱን ተውንልሽ። ፌስታሉስ? በ2017 ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ወጥቷል አይደል? ይሄ እንግዲህ የመንግሥት ሥራ ነው። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲከለክሉ ድንበር ላይ ሳይቀር ሻንጣ እየፈተሹ ነው ያስቆሙት። ሰውን በልምምጥ ሳይሆን በሕግ።

ባለሙያዋ፦ ሕጉ ያስፈልጋል፤ አልከራከርም። ግን ከ2017ቱ አዋጅ በፊት እኮ 1999 ላይ የወጣ አዋጅ ነበር። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል ማምረትም ማስገባትም እንዲቆም የሚል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ኖረ፤ እኛም በስሱ ፌስታል ስኳር ስንገዛ ኖርን። ሩዋንዳም ቢሉ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሰው ወጥቶ ሰፈሩን በጋራ የሚያጸዳበት ኡሙጋንዳ አለ፤ ሕጉ ያረፈው እዚያ ልማድ ላይ ነው። የእኛ ሕግ የሚያርፍበትን ማን ያዘጋጅለት?

መምህሩ፦ ጋምቤላ ደግሞ ፌስታሉ የት እንደሚሄድ ያውቃል። መጀመሪያ ቦዩን ይደፍናል፣ የቆመው ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ዝናብ ሲጥል ተጠርጎ ባሮ ይገባል። ከዚያ ኢታንግ፣ ከዚያ ሶባት፣ ከዚያ ነጭ አባይ። እኛ የጣልነውን ኢታንግ ያለች እናት ውሃ ስትቀዳ ከእንስራዋ ታነሳዋለች።

ባለሙያዋ፦ ይሄን እንደዚህ አድርገው ዕድር ላይ ቢናገሩት ከእኔ ስብሰባ ሁሉ ይበልጣል። ጋሼ፣ የመጣሁትም ለዚህ ነው። እርስዎ የዕድሩ ጸሐፊ ነዎት።

መምህሩ፦ አሁን ነው ጉዳይሽ የወጣው! ዕድርን ከፌስታል ምን አገናኘው?

ባለሙያዋ፦ በሰፈሩ ውስጥ ትልቁ እሳት የሚነደው የት ነው? ለቅሶ ቤት። በትልልቅ ጉልቻ ላይ፣ በክፍት እሳት፣ ሦስት ቀን። ብዙ የፕላስቲክ ጠርሙስና የፕላስቲክ ኩባያ የሚጣለውስ የት ነው? ድንኳኑ ሥር። ድሮ ዕድሩ ብርጭቆና ኩባያ ነበረው፤ እየተሰበረና እየጠፋ ሲሄድ በእሽግ ውሃ ተተካ። ዕድር ግን ሌላ የሌለው ነገር አለው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ንብረት አለው፣ የቀረን አባል ይቀጣል፣ ሰውም ይከፍላል። አዋጁን የማይፈራ ሰው የዕድሩን ቅጣት ይፈራል፤ ምክንያቱም ቀባሪው ዕድሩ ነው።

መምህሩ፦ (ዝም ብለው ይቆዩና) ይሄስ አይካድም። ግን ይሄ ዕድር የእኛ የደገኞቹ ወግ ነው። አኙዋውና ኑዌሩ ጎረቤታችን እንዴት ይገባበታል?

ባለሙያዋ፦ በራሱ መንገድ። እኛ ዘንድ ማሳ ሲታረም ባለማሳው ጠላ ያዘጋጃል፣ መንደሩ ይወጣል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። እናንተ ደቦ ትሉታላችሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት አለ፤ የታመመን ይጠይቃሉ፣ ያዋጣሉ። ጉልቻውን በጭቃ የመክበቡን ሥራ ለእነሱ ነው የወሰድኩት። አንዲት ሴት ብቻዋን ጭቃ ስታቦካ ትደክማለች፤ ተሰብስበው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን ሲሠሩ ጨዋታ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ የተሳሳትነው እያንዳንዱን ቤት ለብቻው «ተለወጥ» በማለታችን ነው። ማንም ብቻውን ጀምሮ አይዘልቅም፤ አብሮት የሚያይ ሲኖር ግን መተውም ያሳፍረዋል።

መምህሩ፦ ማሳፈሩ እንኳ ልኩን እንዳያልፍ። ድሃዋን ሴት ጎረቤት ሁሉ «አንቺ ለምን ቆርቆሮ ምድጃ ላይ ታበስያለሽ?» እያለ ካስጨነቃት፣ ያ መበረታታት መሆኑ ቀርቶ ሐሜት ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ እውነትዎን ነው፤ አይቻለሁም። ስለዚህ አንድ ደንብ አለን፤ ሌላውን የሚናገር ሰው መጀመሪያ የራሱን ያሳያል። አቅም ለሌላት ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው የምንነግራት። ባቄላና ቦሎቄ ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር። ድስት መክደን። ምግቡ እንደወጣ ፍሙን አመድ ውስጥ ቀብሮ ወይም አጥፍቶ ለነገ ማቆየት። ምስሩ በደንብ ከፈላ በኋላ ድስቱን በጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ከትቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መተው፤ ያለ እሳት በራሱ ሙቀት ይበስላል። ይሄን ለማድረግ ማንም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ለዕድሩ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ለለቅሶው ድስት የተሸፈነ ትልቅ ምድጃ ይሠራ፤ ኩባያ ይገዛ፣ የሰበረ ይክፈል፤ አባላት ገበያ ሲወጡ ዘንቢል ይያዙ።

ባለሙያዋ፦ አንዱን ብቻ ጋሼ።

መምህሩ፦ ለምን? ሦስቱም ትንንሽ ናቸው ስትዪ አልነበር?

ባለሙያዋ፦ ሦስት ካቀረቡ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ አንዱም አይያዝም። አንዱ ሥራ ላይ ውሎ ጥቅሙ ሲታይ ሁለተኛውን ራሳቸው ያመጡታል።

መምህሩ፦ ኩባያው ይቅደም እንግዲህ፤ ሁሉም ያየዋል።

ባለሙያዋ፦ ብዙ ከሚነድበት ይጀመር አላልንም? ምድጃው ይሁን። የዕድሩ የማገዶ ወጪ በመዝገብዎ ላይ አለ፤ ኩባያው ግን ቁጥር የለውም።

መምህሩ፦ ምድጃው ይሁን፤ ተሸነፍኩ። ግን አንቺም አንድ ትሸነፊያለሽ። ቆሻሻው ቢለይም፣ ፌስታሉ ቢሰበሰብም፣ ከየቤቱ የሚያነሳው መኪና ካልመጣ ሰው መልሶ ቦዩ ውስጥ ይጥለዋል። ቤት የቤቱን ከሠራ ማዘጋጃ ቤትም የራሱን ይሥራ። ይሄን የማይጠይቅ ቁጠባ እኔ አልሰብክም።

ባለሙያዋ፦ እሱ ላይ አንከራከርም። ምድጃው በተሠራ ማግስት አብረን እንጠይቃለን። ባዶ እጁን የሚጠይቅና ሥራውን አሳይቶ የሚጠይቅ አንድ አይደለም።

መምህሩ፦ ማግስቱን አልጠብቅም፣ ጎን ለጎን ይሂድ። ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ፤ ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። አንቺ ደግሞ የለቅሶ ቤቱን ማገዶ በፊትና በኋላ በብር አስልተሽ በአንድ ገጽ አምጪልኝ። የእኛ አባላት ቁጥር ካላዩ እጃቸውን አያወጡም።